ብሩተስን ማን አሳመነው?

«አንተም፣ ብሩተስ?» የሚለውን ቃል ተውኔቱን ያላነበበ ሰው እንኳ ሰምቶት ይሆናል። የቅርብ ወዳጅ ከጠላት ጎን ቆሞ ሲገኝ ይነገራል። ቄሣር ይህን ብሎ ይወድቃል፤ መልስ አያገኝም። እኔን የሼክስፒርን «ጁሊየስ ቄሣር» ደጋግሜ እንዳነብ ያደረገኝ ይኸው ሳይመለስ የቀረ ጥያቄ ነው። ቄሣርን የሚወድ፣ ከቄሣር እጅ ምሕረት የተቀበለ፣ ገንዘብም ሹመትም የማያጓጓው ሰው ጩቤ ሸሽጎ ወደ ሴኔት እንዲገባ ማን አሳመነው?

ቶሎ ወደ አፍ የሚመጣው መልስ የሴራው ጠንሳሽ «ካሲየስ» የሚል ነው። ካሲየስ ግን ነገሩን ጀመረው እንጂ አልጨረሰውም። የጨረሰው ብሩተስ ራሱ ነው። ይህን ለማየት ተውኔቱን ቀስ ብሎ ማንበብ ያስፈልጋል።

መጀመሪያ መነሻውን እንያዝ። ሮማውያን እንደሚተርኩት የመጨረሻውን ንጉሣቸውን ያባረሩት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ509 ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ «ንጉሥ» የሚለው ስም እነሱ ዘንድ የሚያስጠላ ሆነ። ንጉሥ ተቀብቶ ዙፋን ላይ በሚቀመጥበት አገር ታሪክ ላደግን ሰዎች ይህን መረዳት ትንሽ ይከብዳል፤ ነገር ግን ይህ ካልገባን ተውኔቱም አይገባንም። ለሮማ መኳንንት አንድ ሰው ዘውድ ደፋ ማለት ሌሎቹ ሁሉ ባሪያ ሆኑ ማለት ነበር። ቄሣር ደግሞ የእርስ በርሱን ጦርነት አሸንፎ በ44 ከክርስቶስ ልደት በፊት የዕድሜ ልክ አምባገነን ተብሎ ተሰየመ። ዘውዱ ብቻ ነበር የቀረው።

ሼክስፒር ታሪኩን ያገኘው ከግሪካዊው ጸሐፊ ከፕሉታርክ ነው፤ ቶማስ ኖርዝ በ1579 እ.ኤ.አ. ወደ እንግሊዝኛ መልሶት ነበር። ተውኔቱ መድረክ ላይ መታየቱን የምናውቀው ቶማስ ፕላተር የተባለ የስዊስ ተጓዥ ሴፕቴምበር 21 ቀን 1599 ለንደን ውስጥ ከቴምዝ ወንዝ ማዶ፣ ሣር ክዳን ባለው ቲያትር ቤት እንዳየው ስለጻፈ ነው። ያን ጊዜ ንግሥት ኤልሳቤጥ 66 ዓመታቸው ነበር፤ ልጅ አልነበራቸውም፤ ማን እንደሚተካቸው በአደባባይ መናገርም ያስቀጣ ነበር። ስለ ሥልጣን ርክክብ እንዲያ በሚፈራበት ከተማ ገዢ ሲገደል የሚያሳይ ተውኔት ለማየት የተሰበሰበ ሕዝብ የሚያየው የጥንቷን ሮም ብቻ አልነበረም።

አሁን ወደ ብሩተስ እንመለስ። የዚህ ሰው ታማኝነት ገና ከመነሻው የተከፈለ ነበር። በጦርነቱ ጊዜ የተሰለፈው ከቄሣር ባላጋራ ከፖምፔ ጋር ነው፤ ፖምፔ ደግሞ የአባቱ ገዳይ ነበር። የአባቱን ደም ወደ ጎን ትቶ ለሪፐብሊኩ ይበጃል ወዳለው ወገን ሄደ ማለት ነው። ፖምፔ በ48 ከክርስቶስ ልደት በፊት ፋርሳሉስ ላይ ሲሸነፍ ቄሣር ብሩተስን ማረው፤ ማረው ብቻ ሳይሆን አስጠጋው፤ ሾመው። ብሩተስ ግን የካቶን ልጅ ፖርሺያን አገባ። ካቶ በቄሣር ምሕረት ከመኖር ሞቴን እመርጣለሁ ብሎ ራሱን የገደለ ሰው ነው። በአንድ ወገን የምሕረት ዕዳ፣ በሌላው ወገን የአማቱ ደም። በዚህ ላይ ያን የመጨረሻ ንጉሥ ከሮም ያባረረው ሰው ስሙ ብሩተስ ነበር፤ ይህኛውም ከእሱ ዘር እንደሆነ ይነገር ነበር። ስም ሸክም ይሆናል።

ካሲየስ የሚገባው በዚህ ስንጥቅ ነው። በመጀመሪያው ገቢር ሁለቱ ብቻቸውን ቆመው ያወራሉ፤ ከሩቅ የሕዝብ ሆታ ይሰማል። ካሲየስ «ቄሣርን እንግደል» አይልም። አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቃል፦ ብሩተስ፣ ፊትህን ማየት ትችላለህ? ብሩተስ ዓይን ራሱን በሌላ ነገር ላይ ካላየ በቀር አያይም ብሎ ይመልሳል። እንግዲያው እኔ መስታወት ልሁንህ ይላል ካሲየስ። በተውኔቱ ውስጥ ካሉት የማሳመኛ ዘዴዎች ከሁሉ የሚያስፈራኝ ይህ ነው። ለብሩተስ የሚያሳየው የቄሣርን ክፋት ሳይሆን የራሱን መልክ ነው፤ የተከበረ፣ ሕዝብ ተስፋ የጣለበት፣ የአባቶቹን ስም የሚያነሣ ብሩተስ። እንዲህ ያለውን መስታወት የሚገፋ ሰው ጥቂት ነው።

ካሲየስ ስለ ቄሣር የሚያወራው የቂም ወሬ ነው። ቲቤር ወንዝን አብረን ስንዋኝ ሊሰጥም ነበር፤ እኔ ተሸክሜ አወጣሁት። ስፔን ሳለ ትኩሳት ይዞት እንደ ታመመች ልጃገረድ ውኃ ስጡኝ ሲል ሰምቼዋለሁ። ይህ ሰው ዛሬ አምላክ ሆነ፤ እኔ ጎንበስ ብዬ እጅ ልነሣው ነው! ልብ ብለን ካየን እዚህ ስለ ሕግ፣ ስለ ሕዝብ፣ ስለ ነፃነት የተነገረ ማስረጃ የለም። ያለው «ከእኔ በምን ይበልጣል?» የሚል ብቻ ነው። ካሲየስም ለብቻው ሲቀር ይህን አይደብቅም፤ የብሩተስ ልብ መልካም ሆኖ ሳለ ሊጠመዘዝ እንደሚችል አየሁ፣ መልካም ሰዎች ከመሰሎቻቸው ጋር መዋል ያለባቸው ለዚህ ነው ይላል። ቀጥሎም በተለያየ የእጅ ጽሑፍ ደብዳቤ ጽፎ በብሩተስ መስኮት ያስወረውራል።

ከደብዳቤዎቹ አንዱ እንዲህ ይላል፦ «ብሩተስ፣ ተኝተሃል፤ ንቃ፣ ራስህንም እይ። ሮም…» ከዚህ በኋላ ዓረፍተ ነገሩ ይቋረጣል። ቀሪውን ብሩተስ በሌሊት፣ በሰማይ በሚወረወሩት ኮከቦች ብርሃን ቆሞ በራሱ ቃል ይሞላዋል፦ ሮም በአንድ ሰው ፍርሃት ሥር ትኑር? ካሲየስ ያልጻፈውን ቃል ብሩተስ ጻፈው። ፕሉታርክ ዘንድ ጽሑፎቹ የመጡት ከዜጎች ነው፤ የካሲየስ ሥራ ያደረጋቸው ሼክስፒር ነው። በዚህች ለውጥ ብቻ የሕዝብ ጥሪ የነበረው ነገር አንድ ቂመኛ የጠመደው ወጥመድ ሆነ፤ ወጥመዱን የዘጋው ግን የገባበት ሰው እጅ ነው።

ከደብዳቤው ጥቂት ቀደም ብሎ ብሩተስ ለብቻው የሚናገረው ንግግር አለ። መላውን ተውኔት ለማንበብ ጊዜ የሌለው ሰው እሱን ብቻ ቢያነብ ይበቃዋል እላለሁ። የሚጀምረው «በሞቱ መሆን አለበት» በሚል ነው። ፍርዱ ቀድሞ ተሰጥቷል፤ ምክንያቱ የሚፈለገው ከዚያ በኋላ ነው። ብሩተስ ሐቀኛ ሰው ስለሆነ ለራሱ አይዋሽም፦ በግሌ የምጣላው ነገር የለም፤ እውነቱን ለመናገር፣ ቄሣር ስሜቱ ልቦናውን ያሸነፈበትን ጊዜ አላውቅም። ታዲያ ለምን ይሙት? ዘውድ ቢጭን ሊለወጥ ይችላላ። ሥልጣን ፈላጊ በትሕትና መሰላል ይወጣና ጫፍ ላይ ሲደርስ ለመሰላሉ ጀርባውን ይሰጣል። ቄሣርም እንዲያ ሊያደርግ ይችላል። አሁን ያለበት ሁኔታ ክሱን ስለማይደግፍ፣ ክሱን ሊሆን በሚችለው ላይ እንሥራው፤ የእባብ እንቁላል አድርገን እንቁጠረው፣ ሲፈለፈል እንደ ወገኑ ይናደፋልና በቅርፊቱ ሳለ እንግደለው።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ስንል እኛ ትዕግሥትን እናመሰግናለን። ብሩተስን ያስፈራው ግን ይኸው የእንቁላሉ ነገ ነው። ቄሣር የሚሞተው ላደረገው ነገር አይደለም፤ ሊያደርግ ይችላል ተብሎ ለተገመተው ነው። እዚህ ላይ ለብሩተስ ማዘኔን አልደብቅም፤ ፍርሃቱ መሠረት አልነበረውም ብዬም አላምንም። ቄሣር ራሱ ጥቂት ቆይቶ ሳይነቃነቅ እንደሚቆመው እንደ ሰሜን ኮከብ ነኝ ሲል እንሰማዋለን፤ እንዲህ የሚል ሰው ጎረቤቱን ቢያስፈራ አይደንቅም። ነገር ግን ብሩተስ የሚያውቀውን ቄሣር ትቶ በሐሳቡ የሠራውን ቄሣር ገደለ። ሥልጣን ፈላጊነት በተውኔቱ ውስጥ በማስረጃ የማይጨበጥ ነገር ነው። በሉፐርካል በዓል የቄሣር ወዳጅ አንቶኒ ዘውዱን ሦስት ጊዜ አቀረበለት፣ ሦስት ጊዜም መለሰው። ያየው ካስካ ሲተርክ ግን በየጊዜው ሲመልሰው ጣቶቹ ከዘውዱ መላቀቅ ጨንቋቸው ነበር ይላል። መመለሱን እንይ ወይስ ጣቶቹን? ሼክስፒር አይነግረንም። ትዕይንቱ እንኳ ከመድረክ ውጭ ነው የተፈጸመው፤ የሰማነው ቄሣርን ከማይወድ ሰው አፍ ነው።

ቄሣር ራሱ የሚታለልበት መንገድም ብሩተስ ከተታለለበት ጋር ይመሳሰላል። ሚስቱ ካልፑርኒያ ሐውልቱ ደም ሲያፈስ በሕልሟ አይታ እንዳይወጣ ትለምነዋለች። እሺ ብሏትም ነበር። ዴሲየስ የሚባለው ሴረኛ ይመጣና ሕልሙን ይገለብጠዋል፦ ሮም ከአንተ ሕይወት ታገኛለች ማለት ነው፤ ደግሞም ሴኔቱ ዛሬ ዘውድ ሊሰጥህ ነው። ዴሲየስ ቀድሞ ለሴረኞቹ የነገራቸው ምስጢር አለ፦ ቄሣርን «አንተ ሽንገላ ትጠላለህ» ስለው «አዎ» ይላል፤ ያን ጊዜ ነው አጥብቆ የሚሸነገለው። ብሩተስ በክብሩ በኩል ተያዘ፣ ቄሣር ደግሞ በማይሸነገል ሰውነቱ በኩል። ሁለቱንም ያጠመዳቸው የሚኮሩበት ጠባይ ነው።

በታሪክ እንደተጻፈው ቄሣር ማርች 15 ቀን በፖምፔ አዳራሽ 23 ጊዜ ተወግቶ ተገደለ። ሼክስፒር ቦታውን ካፒቶል፣ ቁስሉን 33 አድርጎታል። ባለስሙ ገና በሦስተኛው ገቢር መጀመሪያ ስለሚሞት አንዳንድ ሰው የተውኔቱ አርእስት «ብሩተስ» መሆን ነበረበት ይላል፤ ብዙውን የሚናገረውም ብሩተስ ነው። ከዚህ በኋላ ጩቤ ወደ ሰገባው ይመለስና ምላስ ይወጣል።

ካሲየስ አንቶኒም አብሮ ይሙት ብሎ ነበር። ብሩተስ እኛ መሥዋዕት አቅራቢዎች እንጂ አራጆች አንሁን ብሎ አዳነው። አንቶኒ በቀብሩ ላይ ልናገር ሲልም ካሲየስ አይሆንም አለ፤ ብሩተስ ፈቀደ። አራት ግዴታ ብቻ ጣለበት፦ እኛን አትንቀፍ፣ ስለ ቄሣር መልካሙን ሁሉ ተናገር፣ በእኛ ፈቃድ እንደምትናገር ግለጽ፣ ከእኔ ቀጥለህ በዚሁ መድረክ ተናገር። አንቶኒ አራቱንም በቃላቸው ጠበቀ። በእነዚያው አራት ግዴታዎች ውስጥ ሆኖ ከተማዋን አቃጠለ።

ብሩተስ የሚናገረው በስድ ንባብ ነው፤ አጭር፣ የተመዘነ፣ ንጹሕ። ቄሣርን አሳንሼ ስለወደድኩ አይደለም፤ ሮምን አብልጬ ስለወደድኩ ነው ይላል። ባርነትን የሚወድ እዚህ ካለ ይናገር፣ እሱን በድያለሁ፤ መልስ እጠብቃለሁ። ማንም አይናገርም። ይህ ንግግር ግን የሚቆመው በአንድ ምሰሶ ላይ ብቻ ነው፦ ስለ ክብሬ እመኑኝ። ቄሣር ሥልጣን ወዳድ ለመሆኑ ማስረጃ አልቀረበም፤ ማስረጃው የተናጋሪው መልካም ስም ነው። ሕዝቡ ያጨበጭባል፤ ከመካከላቸው አንዱም «እሱ ቄሣር ይሁን!» ብሎ ይጮኻል። ዘውድ እንዳይኖር ብሎ ወዳጁን የገደለ ሰው ገና ደሙ ከእጁ ሳይደርቅ ዘውድ ይቀርብለታል። ከንግግሩ አንዲት ቃል እንኳ እንዳልገባቸው ሊያውቅ የሚችለው እዚያ ላይ ነበር። አላወቀም፤ «አንቶኒን ስሙት» ብሎ ብቻውን ሄደ።

አንቶኒ የሬሳ ሳጥኑን ይዞ ይወጣል። ቄሣርን ልቀብር መጣሁ እንጂ ላመሰግነው አይደለም። ብሩተስ ሥልጣን ወዳድ ነበር ብሏችኋል፤ ብሩተስም የተከበረ ሰው ነው። ቄሣር ምርኮኛ አምጥቶ በማስለቀቂያው ገንዘብ ግምጃ ቤታችንን ሞላ፤ ይህ ሥልጣን ወዳድነት ነው? ድሃ ሲያለቅስ ቄሣር አለቀሰ፤ ሥልጣን ወዳድነት ከዚህ ይልቅ የጠነከረ ልብ ይፈልግ ነበር። ብሩተስ ግን የተከበረ ሰው ነው። ሦስት ጊዜ ዘውድ አቀረብኩለት፣ ሦስት ጊዜ እምቢ አለ። ብሩተስ ግን የተከበረ ሰው ነው።

ሰምና ወርቅ ለለመደ ጆሮ እዚህ ምን እየተደረገ እንዳለ ማስረዳት አያስፈልግም። ሰሙ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አልተለወጠም፤ ያቺው «የተከበረ ሰው» የምትል ቃል ናት። በተመላለሰች ቁጥር ግን ሰሙ እየቀለጠ ወርቁ ይወጣል፣ በመጨረሻ ከሕዝቡ መካከል አንዱ ራሱ «ከሐዲዎች ናቸው! የተከበሩ ይላል!» ብሎ ይጮኻል። አንቶኒ ያልተናገረውን ሕዝቡ ተናገረው። ቅኔውን ፈቺው አድማጩ ነው፤ ሰው ደግሞ ራሱ የፈታውን ቅኔ እንደ ራሱ ሐሳብ ይወድደዋል። ካሲየስ በተቋረጠው ደብዳቤ በብሩተስ ላይ የሠራውን አንቶኒ በሺዎች ላይ ሠራው። የአንቶኒ የክርክር ብልሃት በላ ልበልሃ ሲባል በነበረበት የአገራችን ችሎት ቢቀርብ የሚያፍር አይመስለኝም፤ የባላጋራን ቃል አንሥቶ በባላጋራው ላይ ማዞር እዚያም የተከበረ ጥበብ ነበር።

ኑዛዜውን አውጥቶ ያሳያል፤ አላነብም ይላል። ብታውቁት ታብዳላችሁና ባታውቁት ይሻላል። ከመድረኩ ወርዶ ሕዝቡን በሬሳው ዙሪያ ያቆማል። የቄሣርን ካባ ይዞ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ ያሳያል፦ የካሲየስ ጩቤ የገባው በዚህ ነው፤ ካስካ የቀደደው ይህ ነው፤ ይህ ደግሞ የወዳጁ የብሩተስ ነው። አንቶኒ ግን ሲገደል አላየም፤ ትሬቦኒየስ የሚባለው ሴረኛ ቀደም ብሎ ነጥሎ ይዞት ወጥቶ ነበር። የትኛው ቀዳዳ የማን እንደሆነ ሊያውቅ አይችልም። ከአድማጮቹ ይህን የጠየቀ የለም፤ ከእኛም ከአንባቢዎቹ በመጀመሪያው ንባብ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ሕዝቡ ቤት ሊያቃጥል ሲሮጥ ኑዛዜውን ረስቶታል፤ አንቶኒ መልሶ ይጠራቸዋል። ለእያንዳንዱ ሮማዊ 75 ድራክማ፣ ለሁሉም በቲቤር ዳር ያሉት የአትክልት ሥፍራዎች። ሕዝቡ ሲበተን አንቶኒ ክፋት ተነሣ፣ ወደ ፈለገበት ይሂድ ይላል። ወዲያው በሚቀጥለው ትዕይንት ሕዝቡ ሲና የሚባል ባለቅኔ ይይዛል። ከሴረኞቹ አንዱ ሲና ይባላል። ሰውዬው እኔ ባለቅኔው ነኝ ሲል እንግዲያው ስለ መጥፎ ግጥሙ ይገደል ብለው ይገነጣጥሉታል።

አንቶኒ አስመሳይ ነበር? ከሬሳው ጋር ብቻውን ሲቀር ያለቀሰው እውነተኛ ለቅሶ ነው፤ ያን ጊዜ የሚያየው ሰው የለም። ነገር ግን አራተኛው ገቢር ሲከፈት አንቶኒ፣ የቄሣር ወራሽ ኦክታቪየስና ሥልጣኑን የተጋራቸው ሌፒደስ ጠረጴዛ ከበው የሚገደሉ ሰዎችን ስም እየነጠቡ ነው። ሌፒደስ የወንድሙን፣ አንቶኒ የእህቱን ልጅ ስም ያለ ክርክር ይሰጣሉ። አንቶኒ ቀጥሎ የሚለው ደግሞ ኑዛዜውን አምጡልኝ፣ ለሕዝቡ ከተናዘዘው የምንቀንሰውን እንይ ነው። በአደባባይ ሕዝቡን ያስለቀሰበት ያው ወረቀት! ያ ወጣት ኦክታቪየስ በሉቃስ ወንጌል ዓለሙ ሁሉ እንዲጻፍ ትእዛዝ ያወጣው አውግስጦስ ቄሣር እንደሆነ ሳስብ የብሩተስ ድካም የት እንዳለቀ ይታየኛል።

ብሩተስም ንጹሕ ሆኖ አልቀረም። ከካሲየስ ጋር በድንኳን ውስጥ ሲጣላ ጉቦ ትበላለህ ብሎ ይሰድበዋል፤ በዚያው አፉ ደግሞ ለወታደሮቼ ደመወዝ ወርቅ ጠይቄህ ከለከልከኝ ብሎ ይቆጣል። ምክንያቱን ሲናገር፣ እኔ በርኩስ መንገድ ገንዘብ ማግኘት አልችልም ይላል። የራሱን እጅ ሳያቆሽሽ ካሲየስ ካመጣው ሊካፈል ይፈልጋል።

ይህን ተውኔት ሁሉም የራሱን መልክ አይቶበታል። ጆን ዊልክስ ቡዝ ኖቬምበር 25 ቀን 1864 ኒው ዮርክ ውስጥ ከሁለት ወንድሞቹ ጋር ሲተውን አንቶኒን ሆኖ ነበር፤ አምስት ወር ሳይሞላ ፕሬዚዳንት ሊንከንን ገደለና ብሩተስ በተከበረበት ሥራ እኔ እንደ ውሻ ታደንኩ ብሎ ማስታወሻው ላይ ጻፈ። ጁሊየስ ኔሬሬ የታንጋኒካ (የኋላዋ ታንዛኒያ) መሪ ሆነው ሳለ ተውኔቱን በስዋሂሊ ተርጉመው በ1963 አሳተሙት። ኔልሰን ማንዴላ ደግሞ ሮበን ደሴት ታስረው ሳሉ እስረኞቹ በሚቀባበሉት የሼክስፒር መጽሐፍ ላይ ዲሴምበር 16 ቀን 1977 የፈረሙት ከዚሁ ተውኔት ነው፤ ፈሪዎች ከሞታቸው በፊት ብዙ ጊዜ ይሞታሉ ከሚለው አጠገብ። ይህን የሚናገረው ቄሣር ነው፣ ሊገደል በሚወጣበት ጠዋት።

ብሩተስና ካሲየስ ከአንቶኒና ከኦክታቪየስ ጋር የሚገጥሙበት የመጨረሻው ጦርነት ፊሊፒ ላይ ነው፤ በመጽሐፍ ቅዱሳችን ፊልጵስዩስ የምንላት ከተማ ናት። በታሪክ በ42 ከክርስቶስ ልደት በፊት ሁለት ጊዜ ተዋግተዋል፤ ሼክስፒር በአንድ ቀን ጨረሰው። ካሲየስ ወዳጁ የተማረከ መስሎት ራሱን አስገደለ፤ ወዳጁ ግን አልተማረከም ነበር። ብሩተስ ሲመሽ ከቀሩት ጥቂት ሰዎች ጋር አለት ሥር ይቀመጣል። ሰይፌን ያዝልኝ፣ ልሩጥበት ብሎ ይለምናል። ክላይተስ እምቢ አለ። ዳርዳኒየስ እምቢ አለ። አብሮት የተማረው ቮልምኒየስ ይህ የወዳጅ ሥራ አይደለም አለው። ያን ጊዜ ብሩተስ በሕይወቴ ሙሉ ያልታመነልኝ ሰው አላገኘሁም፣ በዚህ ልቤ ደስ ይለዋል ይላል። ሁሉም ሲሸሹ ስትራቶ የሚባለው አገልጋዩ ብቻ ይቀራል። ስትራቶ ፊቱን አዙሮ ሰይፉን ሊይዝለት ይስማማል፤ ግን አስቀድሞ አንድ ነገር ይለምናል።

«መጀመሪያ እጅህን ስጠኝ።»